አንድ ሥራ፣ ሁለት ሚዛን

የሥራ ዋጋ በምን ይለካል? ይህ ጥያቄ ሰው ጉልበቱን ለሌላ ሰው ማከራየት ከጀመረበት ጊዜ አንሥቶ ሲጠየቅ የኖረ ነው። በየዘመኑ የተነሡ ፈላስፎች፣ የሃይማኖት አባቶችና የኢኮኖሚ ሊቃውንት መልስ ሰጥተውበታል፤ መልሳቸው ግን አንዱ ከሌላው ሳይስማማ ቀርቷል። በዛሬው ዘመን ጥያቄውን በአዲስ መልክ የቀሰቀሰው ከጠረጴዛ ፊት ተቀምጦ ለኮምፒዩተር ትእዛዝ የሚጽፈው ሰው፣ ማለትም የሶፍትዌር ባለሙያው ነው። የዚህ ሰው ሥራ በአንድ ባሕርዩ ከቀደሙት የሥራ ዓይነቶች ስለሚለይ፣ የቀደሙት መልሶች በርሱ ላይ ሲሞከሩ ስንጥቃቸው ይታያል።

ይህን ባሕርይ ለመረዳት አሞሌ ጨውን ማስታወስ ይጠቅማል። ከአፋር የጨው ሜዳ ተቆርጦ የሚወጣው አሞሌ በመነሻው ርካሽ ነበር። በግመልና በበቅሎ ተጭኖ ወደ ደጋው ሲወጣ፣ ከዚያም ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ ሲዘልቅ ዋጋው እየናረ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 በኢትዮጵያ የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የአሞሌው ዋጋ ከርቀቱ ጋር እንዴት እንደሚጨምር ታዝቦ ጽፏል። ልዩነቱ ግን ማንንም ግራ የሚያጋባ አልነበረም። ሲራራ ነጋዴው የእንስሳቱን መኖ፣ የጫኙን ዋጋ፣ የመንገዱን ሽፍታና የየኬላውን ቀረጥ ቆጥሮ ሒሳቡን ማስረዳት ይችላል። ርቀት ክብደት ነበረው፤ ክብደትም ዋጋ ነበረው።

የሶፍትዌር ባለሙያው የሚጽፈው ኮድ ግን ክብደት የለውም። ባንጋሎር ላይ የተጻፈ ፕሮግራም ካሊፎርኒያ ለመድረስ ግመል አይሻም፤ ኬላም አያቆመውም። በቅጽበት ይደርሳል። ከደረሰም በኋላ ሳን ፍራንሲስኮ ከተጻፈው ጋር ተዋሕዶ፣ በአንድ ማሽን ላይ፣ ለአንድ ተጠቃሚ ያገለግላል። የትኛው መስመር በማን እጅ እንደ ተጻፈ ተጠቃሚው ሊለይ አይችልም፤ ሊለይም አይፈልግም። ታዲያ ሥራው እንዲህ አንድ ሆኖ ሳለ የሠሪዎቹ ደመወዝ ይህን ያህል የሚራራቀው ስለምንድን ነው?

ጥያቄው በአየር ላይ ተንጠልጥሎ እንዳይቀር አንድ የታወቀ ምሳሌ መመልከት ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ2011 ዲሚትሪ ዛፖሮዤትስ የተባለ ዩክሬናዊ ፕሮግራመር፣ ብዙ ባለሙያዎች የአንድን ፕሮግራም ኮድ በኅብረት የሚጽፉበትንና የሚያርሙበትን መሣሪያ መሥራት ጀመረ። መሣሪያው ጊትላብ ይባላል። በዚያን ጊዜ ሰውየው ይኖርበት የነበረው ቤት የቧንቧ ውኃ አልነበረውም፤ ውኃ የሚቀዳው ከመንደሩ የጋራ ጉድጓድ ነበር። በኋላ የተቋቋመው ኩባንያ ታሪኩን ሲተርክ፣ ለርሱ ከዕለቱ የውኃ ጉዞ ይልቅ የከበደው ደኅና የሥራ መሣሪያ ማጣቱ ነበር ይላል። የሠራውንም ማንም እንዲጠቀምበት በነፃ ለቀቀው። ቆይቶ አንድ ሆላንዳዊ ባልደረባ ተጨመረ፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ኩባንያ ተመሠረተ፤ በ2021 ደግሞ አክሲዮኑ በአሜሪካ ናስዳክ ገበያ ለሽያጭ ቀረበ። የዚህ ኩባንያ ሠራተኞች በብዙ አገሮች ተበታትነው ከየቤታቸው የሚሠሩ ናቸው።

ኩባንያው ሌሎች የሚሸሽጉትን በግልጽ በማሳየቱ ሊመሰገን ይገባል። ደመወዝ የሚያሰላበትን ቀመር ለዓመታት ለሕዝብ ይፋ አድርጎ ኖሯልና። ቀመሩ የሚነሣው በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ለዚያ ዓይነት ሥራ ከሚከፈለው ገንዘብ ነው። ከዚያ በኋላ ሠራተኛው የሚኖርበት አካባቢ በተሰጠው መለኪያ ይባዛል። ይህም ማለት፣ ከጉድጓድ ውኃ እየቀዳ መሣሪያውን የፈጠረ ሰው በዚያው መንደር ተቀምጦ እንደ ማንኛውም ተቀጣሪ ቢቀጠር፣ መንደሩ ራሱ ከደመወዙ ላይ ይቀነስበታል ማለት ነው።

ይህን አሠራር ለመደገፍ የሚቀርቡት ምክንያቶች ሁለት ናቸው። አንደኛው የኑሮ ውድነት ነው፤ በሳን ፍራንሲስኮ የቤት ኪራይ የሚያራቁተውን ሰው፣ ኑሮ ከረከሰበት አገር ሰው ጋር እኩል መክፈል ፍትሕ አይሆንም ይባላል። ሲሰሙት ርኅራኄ ያለበት ይመስላል። ነገር ግን የደመወዝ መለኪያው የሰው ችግር ከሆነ፣ ስድስት ልጆች የሚያሳድገውና የታመመች እናቱን የሚጦረው ሠራተኛ ከወንደላጤው ጓደኛው የበለጠ ሊከፈለው በተገባ ነበር። እንዲህ የሚያደርግ የሶፍትዌር ኩባንያ ብዙ አይገኝም። ችግር መለኪያ የሚሆነው ደመወዝ ለመቀነስ ሲያገለግል ብቻ ከሆነ መለኪያ መሆኑ ቀርቶ ሰበብ ይሆናል። ሁለተኛው ምክንያት ይህን ያህል አይለሳለስም፤ ኩባንያው የሚከፍለው የአካባቢውን የገበያ ዋጋ ነው ይላል። ጊትላብም በአመዛኙ የሚያቀርበው ይህን ነው። ቢያንስ እውነት አለበት። ሠራተኛው በዚያ አገር ሌላ የተሻለ ቀጣሪ ስለሌለው በዚህ ይስማማል ማለት ነውና።

እ.ኤ.አ. በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ ሠራተኞችን ከየቢሮው በበተነ ጊዜ ነገሩ ይበልጥ ጠራ። ፌስቡክ ከቤታቸው እንዲሠሩ የተፈቀደላቸው ሠራተኞች ኑሮ ወደ ረከሰበት ስፍራ ከተዛወሩ ደመወዛቸው እንደ ስፍራው እንደሚስተካከል አስታወቀ። እዚህ ላይ ሁለት ሰዎች አይወዳደሩም። ያው ሰው፣ ያው እጅ፣ ያው ሥራ ነው፤ የተለወጠው ከመስኮቱ ውጪ የሚታየው አገር ብቻ ነው። በአንጻሩ የሙዚቃ አገልግሎት የሚሰጠው የስዊድኑ ስፖቲፋይ እ.ኤ.አ. በ2021 በአሜሪካ ለሚሠሩ ባልደረቦቹ የትም ቢኖሩ በሳን ፍራንሲስኮ ወይም በኒውዮርክ ልክ እንደሚከፍል ገለጸ። አንዱ እንዲያ፣ ሌላው እንዲህ ማድረግ ከቻሉ፣ የቦታ ሚዛን እንደ ዝናብና ፀሐይ የተፈጥሮ ሕግ ሳይሆን በሰው የተመረጠ አሠራር መሆኑ ግልጽ ነው።

በርግጥ ደመወዝ ከቦታ ጋር መያያዙ የዛሬ ግኝት አይደለም። አዳም ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1776 ስለ አገሮች ሀብት ባሳተመው መጽሐፍ፣ በብሪታንያ የእንጀራና የሥጋ ዋጋ ከስፍራ ስፍራ ሲቀራረብ የጉልበት ዋጋ ግን እንደሚራራቅ ተመልክቶ፣ ምክንያቱን ሰው እንደ ሸቀጥ በቀላሉ የማይጓጓዝ በመሆኑ ላይ አግኝቶታል። ካርል ማርክስ በበኩሉ እ.ኤ.አ. በ1867 በታተመው የካፒታል የመጀመሪያ ቅጽ፣ በጉልበት ዋጋ ውስጥ ከሆድ ፍላጎት ሌላ የየአገሩ ታሪክና ልማድ እንደሚገባበት አስረድቷል፤ በአገሮች መካከል ስላለው የደመወዝ ልዩነትም ራሱን የቻለ ምዕራፍ ጽፏል። በብዙ ነገር የማይገናኙት ሁለቱ ሊቃውንት እዚህ ላይ ይገናኛሉ። ሁለቱም ያልደረሱበት፣ ሥራው ክብደቱን ጥሎ እየበረረ ሠሪው ባለበት የሚቀርበትን ዘመን ነው። በአሞሌው ንግድ ሸቀጡም ነጋዴውም አንድ ኬላ ላይ ቆመው አንድ ቀረጥ ይከፍሉ ነበር። ዛሬ ሸቀጡ ያልፋል፤ ሰውየው ይቆማል። በባንጋሎርና በሳን ፍራንሲስኮ መካከል ያለው የደመወዝ ልዩነት በአብዛኛው የዚህ ኬላ ዋጋ ነው።

ይህ ከታወቀ ዘንድ ርካሽ የሚከፈለው ባለሙያ ተበዳይ ነው ብሎ መደምደም ይቻላልን? ነገሩ እዚህ ላይ ይወሳሰባል። በሳን ፍራንሲስኮው ደመወዝ በግማሽ የሚቀጠረው የዩክሬን ወይም የሕንድ ፕሮግራመር፣ በሰፈሩ ሲታይ ባለጸጋ ነው። ፊደል ያስቆጠረው መምህር፣ ልጁን ያዋለደችው አዋላጅ፣ ከርሱ ደመወዝ ጋር የሚቀራረብ ገንዘብ በሕልማቸውም አያዩም። እርሱ ወደ ምዕራብ ሲመለከት የተበደለ ነው፤ ወደ ጎረቤቱ ሲመለከት ደግሞ ያለ አንዳች ልዩ በጎነት የታደለ ነው። ብዙዎች አንደኛውን እውነት በሁለተኛው ሊያጣፉት ይሞክራሉ። ቀጣሪው «ከጎረቤትህ ትሻላለህ» ይለዋል፤ እርሱም በበኩሉ ጎረቤቱን «እኔም እበዘበዛለሁ» ይለዋል። ሁለቱም አነጋገሮች ዝም ለማሰኘት የሚረዱ ናቸው እንጂ ለፍትሕ የሚረዱ አይደሉም። በደልና ዕድል በአንድ ሰው ላይ አብረው ሊያድሩ ይችላሉ፤ አንዱ ሌላውን አይከፍልለትም።

የአዲስ አበባ ባለሙያዎች ይህን በአንድ ቀን አይተውታል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ባደረገ ጊዜ፣ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በዚያው ዕለት 75 ብር ገደማ ሆነ፤ በሳምንታት ውስጥም ከ100 ብር አለፈ። በአንድ ሕንፃ ውስጥ ጎን ለጎን የሚሠሩ፣ በአንድ ዩኒቨርሲቲ የተማሩ፣ በአንድ የኮምፒዩተር ቋንቋ የሚጽፉ ሁለት ጓደኛሞች ይታሰቡ። አንደኛው ለአገር ውስጥ ባንክ ፕሮግራም እየሠራ በብር ይከፈለዋል፤ ሌላው በኢንተርኔት ለውጭ ኩባንያ እየሠራ በዶላር ይከፈለዋል። በዚያች ዕለት አንዱ ዕውቀት አልጨመረም፤ ሌላውም አልሰነፈም። በሚዛኑ ላይ ግን ያለ እነርሱ ፈቃድ ተራራቁ። የሚያገለግሉትም ቢታይ፣ ገንዘቡን በደብተሩ የሚያስቀምጠውን የአገሩን ሰው የሚያገለግለው በብር የሚከፈለው ነው። ከዚህ በኋላ እርሱ ወደ ዶላሩ ሥራ ለመሻገር ቢያስብ ከሃዲ ይባላልን?

ከሃዲ የሚለው ቃል በዚህ ጉዳይ ረጅም ታሪክ አለው። ባለሙያን ከቦታው አላስነቅል ማለት የጥንት ገዢዎችና ባለሀብቶች ልማድ ነበር። የቬኒስ ሪፐብሊክ የሙራኖ ደሴት መስተዋት ሠሪዎቿ ጥበባቸውን ይዘው እንዳይወጡ ከልክላ ነበር። በእንግሊዝ አገር ወረርሽኝ ሕዝቡን ጨርሶ የተረፉት ሠራተኞች የተሻለ ክፍያ በጠየቁ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1351 የወጣው ሕግ ደመወዛቸውን ወደ ወረርሽኙ በፊት ወደነበረው ልክ መልሶ፣ የተሻለ ቀጣሪ ፍለጋ መሄዳቸውንም ገደበ። ከ1718 ጀምሮ ደግሞ ብሪታንያ የእጅ ጥበብ ባለሙያዎቿን ወደ ውጭ አገር ማስኮብለልን በሕግ ከለከለች፤ ሕጉ የተሻረው በ1824 ነው። ይህ ሕግ ጸንቶ ሳለ በ1789 ሳሙኤል ስሌተር የተባለ የጥጥ መፍተያ ባለሙያ የማሽኖቹን አሠራር በአእምሮው ይዞ ወደ አሜሪካ ተሻገረ። አሜሪካውያን የፋብሪካ ኢንዱስትሪያቸው አባት አደረጉት፤ በተወለደበት በደርቢሺር ግን ስሙ ከከሃዲ ጋር ተያይዞ ቀረ። አንድ ሰው፣ በአንድ ድርጊት፣ በሁለት ባሕር ዳርቻ ሁለት ስም አገኘ።

የሶፍትዌሩ ኢንዱስትሪ ራሱ የተወለደው ከእንዲህ ዓይነት «ክሕደት» መሆኑ መዘንጋት የለበትም። እ.ኤ.አ. በ1957 ስምንት ባለሙያዎች የኖቤል ተሸላሚውን ዊልያም ሾክሊን ጥለው ወጥተው ፌርቻይልድ ሴሚኮንዳክተርን መሠረቱ፤ ታሪክም «ስምንቱ ከሃዲዎች» በሚል ስም ያውቃቸዋል። ከመካከላቸው ሁለቱ በ1968 ኢንቴልን አቋቋሙ። ይህ የሆነባት ካሊፎርኒያ ከ1872 ጀምሮ ሠራተኛ ከቀጣሪው ሲለይ ወደ ተወዳዳሪ ድርጅት እንዳይሄድ የሚያስረውን ውል በሕግ ዋጋ ያሳጣች ግዛት ናት። ከዚያ አፈር የበቀሉት ኩባንያዎች ግን ካደጉ በኋላ የበቀሉበትን ነፃነት መጥላት ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ2010 የአሜሪካ የፍትሕ ሚኒስቴር አፕልን፣ ጉግልንና ኢንቴልን ጨምሮ ስድስት ኩባንያዎችን፣ አንዱ የሌላውን ሠራተኛ ላያግባባ በስውር ተዋውለዋል ሲል ከሰሰ። ከነዚህ አራቱ ከ60 ሺህ በላይ ሠራተኞች ላቀረቡት ክስ በ2015 415 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማሙ። የነፃ ገበያን ወንጌል ለዓለም የሚሰብኩ ሰዎች፣ ገበያው ለሠራተኛው መሥራት ሲጀምር በሩን በጓሮ በኩል ሊዘጉት ሞክረው ነበር።

ይህ ሁሉ በአንድ አገር ዜጎች መካከል ነው። ድንበር ተሻግሮ ለሚመጣው ባለሙያ በሩ ከዚህም ይጠባል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1990 ባወጣችው ሕግ ኤች ዋን ቢ የተባለውን የሥራ ቪዛ አቋቁማለች። ዛሬ በዓመት የሚፈቀደው አዲስ ቪዛ ለንግድ ኩባንያዎች በጠቅላላው 65 ሺህ፣ በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዲግሪ ላገኙ ደግሞ ተጨማሪ 20 ሺህ ነው፤ ፈላጊው ከዚህ ሲበልጥ በዕጣ ይለያል። የሚያመለክተው ሠራተኛው ሳይሆን ቀጣሪው ነው። ሠራተኛው ከሥራ ከተሰናበተ ሌላ ቀጣሪ ለማግኘት በአብዛኛው ያለው ጊዜ 60 ቀን ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ፌስቡክን የሚያስተዳድረው ሜታ 11 ሺህ፣ በ2023 መጀመሪያ የጉግል ባለቤት 12 ሺህ ሠራተኞች ባሰናበቱ ጊዜ፣ ለአሜሪካዊው ባለሙያ ስንብቱ የደመወዝ ማጣት ነበር፤ ለባዕዱ ግን የቤት፣ የልጆች ትምህርት ቤትና የአገር ማጣት ሆኖ 60 ቀን ሊቆጥር ተገደደ። በሴፕቴምበር 2025 ደግሞ በፕሬዚዳንታዊ ዐዋጅ በአዲስ ማመልከቻ ላይ የ100 ሺህ ዶላር ክፍያ ተጣለ። የጥንቱ ኬላ ቀረጡን የሚወስደው ከሸቀጡ ላይ ነበር።

ይሁንና የሚሄደውን ሰው ነፃነት መከላከል፣ ከኋላው የሚቀረውን ሕዝብ ጥያቄ አይመልስም። የሕንድ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1951 የመጀመሪያውን የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በካራግፑር ከፈተ። ገንዘቡ የወጣው ከድሃ ሕዝብ ግብር ነው። ከዚህ ተቋም የወጣው ሰንደር ፒቻይ እ.ኤ.አ. በ2015 የጉግል፣ የካንፑሩ ተቋም ምሩቅ አርቪንድ ክሪሽና በ2020 የአይ ቢ ኤም ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆነዋል። የእነርሱን ስም ዓለም ያውቀዋል፤ ስማቸው የማይታወቅ በሺህ የሚቆጠሩ ሌሎችም በዚያው መንገድ ሄደዋል። ሩዝ ዘርቶ ግብር የከፈለው ገበሬ ለዚህ ምን ተመለሰለት? ሕንዳዊው የኢኮኖሚ ሊቅ ጃግዲሽ ባግዋቲ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ያቀረበው ሐሳብ ከዚህ ጥያቄ የመነጨ ነው፤ ወደ ሀብታም አገር የሄደ ባለሙያ ከገቢው ላይ ለታዳጊ አገሮች ልማት የሚውል ግብር ይክፈል አለ። ሐሳቡን ያመነጨው ሰው ራሱ በ1968 ከዴልሂ ወደ አሜሪካ የተዛወረ መምህር ነበር። አንዳንዱ በዚህ ይስቅ ይሆናል። ይሁን እንጂ ዕዳውን በራሱ ላይ ቆጥሮ የሚናገር ሰው፣ በሌላው ላይ ቆጥሮ ከሚጮኸው የበለጠ ሊደመጥ ይገባዋል። ግብሩ እስከ ዛሬ በተግባር አልዋለም።

ዕዳ እንዳለ መካድ አይቻልም። ማንም ሰው ማንበብን ከራሱ አልተማረም። ዕዳው ግን በር በመዝጋት የሚሰበሰብ ከሆነ፣ ሰውን እንደ ገባር ከተወለደበት ምድር ጋር ማሰር ይሆናል፤ ያም ተማሪውን እንጂ ገበሬውን አይጠቅምም። ታግቶ የሚሠራ ባለሙያ ለማንም አይፈጥርም። ደግሞም የመሄድ ፍሬ ሁልጊዜ መጥፋት አይደለም። የአሜሪካው ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ እ.ኤ.አ. በ1985 ባንጋሎር ውስጥ የሥራ ማእከሉን ሲከፍትና ውጤቱን በሳተላይት ሲልክ፣ ኮድ ያለ ሰው መጓዝ እንደሚችል ለሕንዶች አሳየ፤ በ1981 በፑኔ የተመሠረተው ኢንፎሲስ ያደገውም ሠራተኛና ኮድ በሁለቱ አገሮች መካከል ሲመላለሱ ነው። ዕዳው ለማን ነው የሚለውን መጠየቅ ከሁሉ ይቀድማል። ባለዕዳው ሲሄድ በስሙ የሚጮኸው ብዙ ጊዜ ባለሥልጣኑ ነው፤ አበዳሪዎቹ ግን መምህሩና ግብር ከፋዩ ናቸው። እነዚህ ሲጮኹ አልተሰሙም፤ ሲከፈላቸውም አልታየም።

በአገሮች መካከል ያለው ርቀት በዚያው በአንድ ከተማ ውስጥ ከኢንዱስትሪ ኢንዱስትሪም ይታያል። በአሜሪካ የሶፍትዌር ባለሙያ መካከለኛ ዓመታዊ ደመወዝ ከ130 ሺህ ዶላር ያልፋል። ያ ሰው ግን የሆስፒታል መዝገብ ከሚያደራጅበት ሥራ ተነሥቶ ማስታወቂያ ለሰው ዐይን የሚያነጣጥር ፕሮግራም ወደሚጽፍበት ሲዛወር፣ ወይም ወደ አክሲዮን ንግድ ቤት ሲገባ፣ ዕውቀቱ ሳይጨምር ገንዘቡ ሊጨምር ይችላል። እዚህ ኬላም፣ ምንዛሪም፣ የኑሮ ውድነትም የለም። ለምን እንደሚበልጥ ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ፣ በዚያኛው ቤት ብዙ ገንዘብ ስለሚያልፍ ነው የሚል ነው። ለኪነ ጥበብ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ለሳሙና ማስታወቂያ ሁለት ስንኝ የሚከፈለውና ለአንድ ሙሉ ተውኔት የሚከፈለው ምን ያህል እንደሚራራቅ ያውቃልና።

የዚህ ሁሉ ጫፍ የታየው እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2014 ነው። በዚያ ወር ኦፕን ኤስ ኤስ ኤል በተባለ ነፃ ፕሮግራም ውስጥ ኸርትብሊድ የሚል ስም የተሰጠው አደገኛ ስሕተት ተገኘ። ፕሮግራሙ በኢንተርኔት የሚተላለፈውን ምስጢር የሚሰውር ቁልፍ ነው፤ እጅግ ብዙ ንግድ ቤቶች፣ መንግሥታዊ መሥሪያ ቤቶችና ታላላቆቹ የሶፍትዌር ኩባንያዎች የደንበኞቻቸውን የይለፍ ቃል የሚጠብቁት በርሱ ነበር። ቁልፉን እነማን እንደሚሠሩት ሲጣራ፣ ሙሉ ጊዜውን ለዚያ የሚያውል አንድ ሰው ብቻ ከጥቂት በጎ ፈቃደኞች ጋር ተገኘ። ሥራውን ለሚደግፈው ድርጅት በስጦታ የሚገባውም በዓመት 2 ሺህ ዶላር ገደማ ነበር። ወሩ ሳያልቅ ጉግል፣ ማይክሮሶፍት፣ ፌስቡክ፣ አማዞንና ሌሎችም በሊኑክስ ፋውንዴሽን በኩል ተሰባስበው፣ እንዲህ ላሉት ሥራዎች መደገፊያ እያንዳንዳቸው ለ3 ዓመታት በየዓመቱ ቢያንስ 100 ሺህ ዶላር ለማዋጣት ቃል ገቡ። ፕሮግራሙ በዚህ ስም መሠራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው።